የ66 ዓመት አየር በአንድ አምባር ላይ፦ ሁሉም ቁጥር መግባት አለበት?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ሃዋይ ውስጥ ማውና ሎዋ በሚባለው የእሳተ ገሞራ ተራራ ላይ የሚለካውን የካርቦን ዳይኦክሳይድ ወርሃዊ መረጃ አውርጄ በዚያ መነሻነት አምባር ልሠራ እየሞከርኩ ነው። የመጀመሪያው የኮምፒውተር ሞዴል ላይ መስመሩ ለጥ ብሎ ቀረ፤ የሆነ የሆነ ቦታ ላይ ብቻ ወደ ታች ይሰነጠቃል። ሁለተኛውን ወደ ላይ ብስበው ደግሞ እጅጌ የሚቀድ መጋዝ ሆነ። መረጃው እንዳይዛባ ስለምፈልግ ቁጥሮቹን መነካካት አልፈልግም። እንዲያውም ቢቻል የየቀኑን ባስገባ ደስ ይለኛል። ብር ውድ ስለሆነ በጀርመን ሲልቨር ብሠራውስ? ከመኪና ጭስ ማውጫ የጠረግሁትን ጥቀርሻም ከሬዚን (ፈሳሽ ሆኖ ተቀላቅሎ ከሚጠነክር ፕላስቲክ መሰል ሙጫ) ጋር ለውሼ ጥቁር ቀለም ላደርገው አስቤያለሁ። ያስኬዳል?»

ጥቀርሻውን ይተዉት። ጀርመን ሲልቨሩንም ይተዉት። የየቀኑን መረጃም እንደዚሁ። አምባሩ ግን ይሠራል፤ ያውም በደንብ።

ከሞዴሉ እንጀምር። መስመሩ ወደ ታች የሚሰነጠቅባቸው ቦታዎች የአየሩ ጉዳይ አይደሉም። መረጃውን ከስክሪፕስ የውቅያኖስ ጥናት ተቋም አውርደውት ከሆነ፣ እዚያ ፋይል ውስጥ ያልተለካ ወር ባዶ አይቀመጥም፤ -99.99 ተብሎ ይሞላል። ይህ ቁጥር «እዚህ ጋ ልኬት የለም» ማለት ነው። ሶፍትዌሩ ግን ይህን አያውቅም። ከዜሮ በታች መቶ ያህል ይወርዳል፣ ያንንም ለማሳየት ሲል የቀረውን መስመር ሁሉ ይጨፈልቀዋል። ስለዚህ ቁጥሮቹን አለመነካካት ራሱ መረጃውን አዛብቶብዎታል። ፋይሉን ከፍተው -99.99 ያለበትን ሁሉ ያጥፉና ባዶ ያድርጉት። እግረ መንገድዎን የትኛውን ዓምድ እንደተጠቀሙ ይዩ፤ በፋይሉ ውስጥ ከአንድ በላይ የቁጥር ዓምድ አለ። አንዱ የተለካው እንዳለ ነው። ሌላው የወቅቶች መዋዠቅ የተቀነሰለት ነው። ሌላው ደግሞ ክፍተቶቹ በስሌት የተሞሉለት ነው። ሁሉም ትክክል ናቸው፤ የተለያየ ነገር ነው የሚናገሩት። ለእርስዎ ሥራ የሚሆነው የተለካው ነው።

መስመሩ ለጥ ያለበት ሁለተኛ ምክንያት መነሻው ነው። ሞዴሉ ከዜሮ ነው የሚጀምረው። እ.ኤ.አ. በ1959 የዓመቱ አማካይ 316 ፒፒኤም ገደማ ነበር፤ ማለትም ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውሎች ውስጥ 316ቱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበሩ። በ2024 ወደ 425 ደርሷል። የመስመሩ ከፍታ 15 ሚሊ ሜትር ቢሆንና ከዜሮ ቢነሳ፣ 11 ሚሊ ሜትሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ንቅንቅ የማይል ግድግዳ ነው። ታሪኩ በቀሪዋ 4 ሚሊ ሜትር ውስጥ ተጨናንቋል። ሁለተኛው ሞዴልዎ ደግሞ ከ310 አካባቢ ተነስቶ የተለጠጠ ይመስለኛል። ያኔ መረጃው ከምንም ተነስቶ ጣሪያ የነካ ይመስላል። ይኼኛውም ልክ አይደለም። 310 የሚባለው ቁጥር ምንም ትርጉም የለውም፤ ለዓይን ስለተመቸ ብቻ የተመረጠ ነው።

መነሻዎን 280 ያድርጉት። 280 ፒፒኤም ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት የነበረው መጠን ነው። በዋልታ በረዶ ውስጥ ታስሮ ከቆየ አየር ተለክቶ የታወቀ ነው። ስለዚህ ከመነሻው በላይ ያለው ከፍታ ሁሉ «ከዚያ ወዲህ የተጨመረው» ይሆናል። አምባሩን ለሚጠይቅዎት ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስረዱታል። ሒሳቡም ያምራል። ለአንድ ፒፒኤም 0.1 ሚሊ ሜትር ቢሰጡ፣ 1959 ላይ ከፍታው 3.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ 2024 ላይ 14.5። አራት እጥፍ። ይህን ልዩነት ከክንድ ርቀት ማየት ይቻላል።

እዚህ ላይ ስለ «መነካካት» አንድ ነገር ልበል። አማካይ መውሰድ፣ መነሻ መምረጥ፣ መጠን መወሰን ማዛባት አይደለም። እነዚህ ሳይወሰኑ ቁጥር ወደ ብረት አይለወጥም። ማዛባት የሚባለው መለኪያውን መሀል መንገድ ላይ መቀየር ነው። ወይም ቅርጹ እንዲያምር ብሎ አንዱን ዓመት ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ ማድረግ ነው። ወይም ደግሞ መለኪያውን ምስጢር ማድረግ። ስለዚህ የመረጡትን ሁሉ በአምባሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ ይቅረጹት፦ ቦታው፣ ዘመኑ፣ መነሻው 280 መሆኑ፣ 1 ሚሊ ሜትር 10 ፒፒኤም መሆኑ። ዓመቶቹን «እ.ኤ.አ.» ብለው ይጻፉ፤ አለበለዚያ የእኛ ሰው ከ7 እስከ 8 ዓመት አሳስቶ ያነበዋል።

አሁን ወደ ስፋቱ። ክፍት አምባር ሲዘረጋ 160 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱን ጫፎች ትንሽ ትንሽ ብንተው ለመረጃው 155 ይቀራል። ከ1959 እስከ 2024 ድረስ 66 ዓመት ነው። ለአንድ ዓመት 2.35 ሚሊ ሜትር ይደርሰዋል። ለአንድ ወር ወደ 0.2 ሚሊ ሜትር፣ ይህም የቀጭን መጋዝ ምላጭ ውፍረት ነው። የየቀኑ ይግባ ካሉ ደግሞ 24,000 ቀን ነው፤ ለአንድ ቀን የሚደርሰው ከፀጉር ውፍረት አንድ አሥረኛው እንኳ አይሞላም። በዚያ ላይ የአንድ ቀን ቁጥር ከዓለም አየር ይልቅ የዚያን ዕለት የተራራውን ነፋስ ነው የሚያሳየው። የየቀኑ መረጃ ለኮምፒውተር ጥሩ ነው። ለእጅ አንጓ አይሆንም።

የሚመጥነው አንድ ዓመትን አንድ ጥርስ ማድረግ ነው። እዚህ ጋ ነገሩ ይጣፍጣል። ማውና ሎዋ ላይ ያለው መጠን በየዓመቱ (በፈረንጆቹ ወራት) በግንቦት አካባቢ ጫፍ ይደርሳል፣ በመስከረምና በጥቅምት መካከል ዝቅ ይላል። የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ዕፅዋት በበጋቸው ካርቦኑን ይስቡታል፤ ቅጠላቸው ሲረግፍና ሲበሰብስ ተመልሶ ይወጣል። ልዩነቱ ከ6 እስከ 7 ፒፒኤም ነው፤ በእኛ መለኪያ 0.65 ሚሊ ሜትር ያህል። በጣት ሲዳስሱት ይሰማዎታል፤ ልብስ ግን አይቀድም። ሁለተኛው ሞዴልዎ መጋዝ የሆነው ይህንኑ መዋዠቅ ሦስት እጥፍ ስላስረዘሙት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ጥርሱ እኩል ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን አይደለም። መውጣቱ 8 ወር ገደማ ይፈጃል፤ መውረዱ 4 ወር። ስለዚህ ከ2.35 ሚሊ ሜትሩ 1.5 ያህሉ ቀስ ብሎ የሚወጣ ዳገት ነው፣ የቀረው ቁልቁለት። ሦስት ማዕዘን ሞረድ ይዘው በየተራ ቢቆርጡት ሁሉም እኩል ይሆንና የዕፅዋቱ ትንፋሽ ይጠፋል። ዳገቱን በጠፍጣፋ፣ ቁልቁለቱን በሦስት ማዕዘን ሞረድ ይሥሩት።

የ1964ን ክፍተት አይድፈኑት። ያኔ በገንዘብ እጥረት ምክንያት ልኬቱ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ (በፈረንጆቹ ወራት) ተቋርጦ ነበር። ልኬቱን በ1958 የጀመረው ቻርልስ ዴቪድ ኪሊንግ ነው። ሥራውን ላለማቋረጥ ብዙ እንደታገለም ይታወቃል። የሦስት ወር ክፍተት በአምባርዎ ላይ 0.6 ሚሊ ሜትር ነው። በትክክል የአንዲት ትንሽ ቀዳዳ ስፋት። እዚያ ጥርስ ላይ ቀዳዳ ይብሱ። አምባሩ፣ ወደ በኋላ እንደማስረዳው፣ ሁለት ንብርብር ስለሚሆን ከሥር ያለው ጥቁር ይታያል፣ ጉዳዩን የሚያውቅ ሰው ያገኘዋል። በ2022 መጨረሻ ማውና ሎዋ ሲፈነዳ ላቫው መንገዱንና መብራቱን ቆርጦ ነበር። ልኬቱ ግን ለጊዜው ወደ ጎረቤቱ ማውና ኬያ ተራራ ተዛውሮ ስለቀጠለ እዚያ ላይ ቀዳዳ አያስፈልግም።

ሥራዎ ልክ መሆኑን የሚፈትሹበት ቀላል መንገድ አለ። ከ1959 ወዲህ የዓመቱ አማካይ ካለፈው ዓመት ያነሰበት አንድም ዓመት የለም። በንድፍዎ ላይ የሆነ ዓመት ከቀደመው ዝቅ ብሎ ካዩት የተሳሳተው ንድፉ ነው። ብዙ ሰው «2020 ላይ ሁሉም ቤቱ ሲቀመጥ መውረድ ነበረበት» ይላል። አልወረደም። የወረደው በዚያ ዓመት የተለቀቀው ጭስ ነው። በአየር ውስጥ የተጠራቀመው በዚያው ዓመትም ከ2 ፒፒኤም በላይ ጨምሯል። 2020ን ለይተው ምልክት እንዳያደርጉበት፤ መስመሩ ላይ የሚታይ ነገር የለም።

ወደ ብረቱ እንምጣ። ጀርመን ሲልቨር በስሙ እንጂ በውስጡ ብር የለውም። መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ነው። ኒኬል ደግሞ ቆዳ ከሚያሳክኩ ብረቶች ዋነኛው ነው። አለርጂው አንዴ ከያዘ አይለቅም። ቀኑን ሙሉ ላብ ከሚነካው አምባር የበለጠ ደግሞ ለዚህ የሚመች ነገር የለም። ወጪው ከከበደዎት በመዳብ ይሥሩት። መዳብ ቆዳን አረንጓዴ ያደርጋል፤ በውኃና በሳሙና ይለቃል፣ ጉዳት የለውም። ከተቻለ ግን 92.5 በመቶው ብር የሆነውን ይጠቀሙ። ሲገዙ መበየጃው ካድሚየም የሌለበት መሆኑን ያረጋግጡ። የካድሚየም ጭስ ሳንባ ይጎዳል።

ጥቀርሻውን የከለከልኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ከጭስ ማውጫ የሚጠረግ ጥቀርሻ ካንሰር የሚያመጡ ውህዶች አሉበት። ሬዚን ውስጥ ከታሸገ በኋላ ብዙም ላያስጨንቅ ይችላል። ነገር ግን ሲጠርጉት፣ ሲለውሱትና ሬዚኑን በብርጭቆ ወረቀት ሲያሹት ይተነፍሱታል። ሁለተኛው ከሐሳቡ ጋር የተያያዘ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ጥቀርሻ ሌላ ነገር ነው፤ ጠጣር ብናኝ ነው፤ በአየር ላይ የሚቆየውም ለቀናት ነው። የእርስዎ መስመር የሚለካው የማይታየውን ነው። በጥቀርሻ ካጠቆሩት ተመልካቹ ስለ ከተማ ጭስ የተሠራ ጌጥ ነው ብሎ ይሄዳል። የጭሱን ነገር ማሳየት ከፈለጉ ራሱን የቻለ መረጃ አለው። ለሌላ ጌጥ ያቆዩት።

የምመክርዎት አሠራር ሁለት ንብርብር ነው። ከሥር 160 በ25 ሚሊ ሜትር የሆነ ዝርግ ብር፣ ውፍረቱ 0.8። በላዩ 0.6 ውፍረት ያለው ሌላ ዝርግ፣ በመስመሩ ቅርጽ የተቆረጠ። የላይኛው ከታች በኩል 4 ሚሊ ሜትር ጠርዝ አለው፤ የጠርዙ ላይኛ ልክ 280 ነው። ከዚያ በላይ ጥርሶቹ ይነሳሉ። ከጥርሶቹ በላይ የሚቀረው የታችኛው ብር ይጠቁራል። እንዲህ ሲሆን የአምባሩ ውጫዊ ጠርዝ ቀጥ ያለና ለስላሳ ይሆናል፤ ጥርሶቹ ከመሀል ናቸው፤ ልብስ የሚይዝ ነገር የለም። ጠቅላላ ክብደቱ 45 ግራም ሳይሞላ ይቀራል። ያንኑ ስፋት በ2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ቢያስቀልጡት ከ80 ግራም በላይ ይሆን ነበር።

ለምን በኮምፒውተር አትሞ ማስቀለጥን አልመከርኩም? ይቻላል። ግን ሞዴሉ ወደ ሰም፣ ሰሙ ወደ ብር ሲሄድ ትንሽ ይሸማቀቃል። ከዚያ የማተሚያውን መስመሮች ለማጥፋት ማሸት አለ። በማሸት 0.1 ሚሊ ሜትር ቢሄድ 1 ፒፒኤም ሄደ ማለት ነው። 0.65 ሚሊ ሜትር ጥርስ ላይ ይህ ቀላል አይደለም። በዝርግ ብር ላይ ግን የጥርሱ ጎን በሞረድ ነው የሚያልቀው። ፊቱን ሲያለሰልሱት ቅርጹ አይነካም።

ንድፉን በወረቀት አትመው ብሩ ላይ ይለጥፉና በመጋዝ ይከተሉት። ሲያትሙ መጠኑ 100 በመቶ መሆኑን በማስመሪያ ለክተው ያረጋግጡ፤ አታሚዎች ሳይነግሩ የማሳነስ ልማድ አላቸው። በእጅ ሥራ ላይ 0.2 ሚሊ ሜትር ስህተት የተለመደ ነው። ይህ 2 ፒፒኤም ነው፤ የአንድ ዓመት ጭማሪ ያህል። ስለዚህ ከአምባሩ ላይ 1987ን ከ1988 ጋር ማወዳደር አይቻልም። የ1960ዎቹን ዝግ ያለ አካሄድ ከአሁኑ ጋር ማወዳደር ግን ይቻላል፤ ያኔ በዓመት ከ1 ፒፒኤም በታች ነበር የሚጨምረው፣ አሁን ከ2 በላይ ነው። መስመሩ ወደ መጨረሻው ቀና እያለ ሲሄድ የሚያዩት እሱን ነው። ጌጡ ሊሸከም የሚችለው እውነት ይህ ነው፤ ከዚህ በላይ አይጫኑበት።

ሁለቱን ዝርጎች ሲበይዱ መበየጃውን መጀመሪያ በላይኛው ዝርግ ጀርባ ላይ አቅልጠው ያስይዙት። ከዚያ ቦራክስ (መበየጃው እንዲፈስ የሚረዳ ጨው) ቀብተው ያስቀምጡትና ከሥር በኩል ያሙቁት። ከላይ ካሞቁት ቀጫጭኖቹ ጥርሶች ቀድመው ይግላሉ፤ ብሩ በ900 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣልና ጥርሶቹ ድቡልቡል ይሆናሉ። መበየዱ ጠፍጣፋ ሳለ ነው፤ ማጠፉ በኋላ ነው። ለማጠፍ የእንጨት ወይም የቆዳ መዶሻ ይጠቀሙ፤ የብረት መዶሻ ጥርሶቹን ይጨፈልቃቸዋል። የእጅ አንጓ ሞላላ ነው፣ ክብ አይደለም፤ ማጠፊያውም ሞላላ ይሁን። መበየድ ካልለመዱ ይህን ክፍል ለአንጥረኛ ይስጡት። ንድፉና ቆረጣው የእርስዎ ከሆነ ሥራውም የእርስዎ ነው።

ጥቁሩ የሚመጣው በድኝ ውህድ ነው። ብር ከድኝ ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል። ብር በሳጥን ተቀምጦ የሚጠቁረውም በዚሁ ነው፤ እኛ የምናደርገው ማፋጠን ብቻ ነው። ክፍት ቦታ ላይ ይሥሩት። የድኙን ውህድ ከአሲድ ጋር በፍጹም አያገናኙት፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። ብሩን ለማጽዳት አሲድ ተጠቅመው ከነበረ መጀመሪያ በብዙ ውኃ ያጥቡት። ከጠቆረ በኋላ የላይኛውን ፊት ብቻ ሲወለውሉት መስመሩ ነጭ ሆኖ ከጥቁሩ ይለያል።

ቀለም የሚያምርዎት ከሆነ ቲታኒየም ወደ አእምሮዎ ይመጣ ይሆናል። ቲታኒየም በኤሌክትሪክ ቀለም ያወጣል፤ ቮልቴጁ ከፍ ሲል በላዩ ያለው ስስ ሽፋን ይወፍራል፣ ቀለሙም ይቀየራል። ለዚህ ሥራ አልመክረውም። በመጀመሪያ ቀይ አይወጣለትም። የአየር ንብረት ሳይንቲስቱ ኤድ ሃውኪንስ በ2018 ያስተዋወቃቸውን፣ የየዓመቱን ሙቀት በቀለም የሚያሳዩ ሰማያዊና ቀይ መስመሮች በቲታኒየም ሊሠሩ የሚነሱ ሰዎች እዚህ ላይ ነው የሚወድቁት። ሁለተኛ፣ በተለመደው የብር መበየጃ አይበየድም፤ በሚስማር ነው የሚያያዘው። ሦስተኛ፣ ቀለሙ ሲቧጨር ይሄዳል፤ አምባር ደግሞ በየጠረጴዛው ይጋጫል። ለሙቀት መስመሮች የመስታወት ዶቃ ይሻላል። አንድ ዶቃ አንድ ዓመት፣ ቀለሙ ራሱ የመስታወቱ ስለሆነ አይለቅም።

አምባሩ ከበዛብዎት ሌላ መንገድ አለ። ሁለት ጉትቻ፦ አንዱ 1959፣ ሌላው 2024። ርዝመታቸው በዚያው በ280 መነሻ ይሁን፣ መለኪያው ግን ሁለት እጥፍ። አንዱ 7 ሚሊ ሜትር፣ ሌላው 29 ይሆናል። ግጥም አይልም፤ አለመግጠሙ ነው ነገሩ። እኔ ብሆን ይህንንም እወደዋለሁ፤ ግን የዕፅዋቱ ትንፋሽ እዚህ ውስጥ የለም፣ ስለዚህ ምርጫዬ አሁንም አምባሩ ነው።

ብር ላይ ከመሄድዎ በፊት ከወፍራም ወረቀት ሠርተው ቀኑን ሙሉ ያድርጉት። ከዚያ በመዳብ፣ በዚያው ውፍረት አንድ ይሥሩ። ስፋቱ 25 ሚሊ ሜትር ለእጅዎ ከበዛ የሚያውቁት ያኔ ነው። የሚቀንሱት ከላይኛው ባዶ ቦታ እንጂ ከመለኪያው አይደለም። የእጅ አንጓዎ ቀጭን ከሆነም የመረጃውን ርዝመት አሳጥረው ለ66 ያካፍሉት፤ ሁሉም ዓመት እኩል ይጠር።

የተጠናቀቀውን አምባር በብር ማጽጃ ፈሳሽ ውስጥ እንዳይነክሩት። ጥቁሩን ጠራርጎ ይወስደዋል። በለስላሳ ጨርቅ ከላይ ከላይ ብቻ ይጥረጉት።